የተሰረቀ ሥዕልና ትንንሽ መርማሪዎች፦ ጎንደር ላይ የልጆች የምርመራ ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

«ልጆቹ ሌባውን በሦስተኛው ምዕራፍ ያውቁብኛል፤ ምን ይሻላል?» ይህ ከመምህራን፣ ከንባብ ክበብ አስተባባሪዎችና ለልጆቻቸው ለመጻፍ ከሚሞክሩ ወላጆች ተደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ተቃራኒውም እንዲሁ ይመጣል፦ «መጨረሻ ላይ ሌባውን ስገልጠው ልጆቹ ‹ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?› ይሉኛል።» የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው። ጸሐፊው ታሪኩን ከልጆቹ ይጀምርና ፍንጭ ባስፈለገው ቁጥር ከሰማይ ያወርዳል። መጀመር ያለባችሁ ከተሰረቀው ዕቃ ነው። ዕቃው ከምን እንደተሠራ፣ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ በየትኛው በር ሊወጣ እንደሚችል ካወቃችሁ ፍንጩን ዕቃው ራሱ ይሰጣችኋል።

መመሪያው የተዘጋጀው ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ አንባቢዎች፣ 12 ምዕራፍና ወደ 13 ሺህ ቃላት ላለው መጽሐፍ ነው። እስከ መጨረሻው የምንከተለው ምሳሌ አንድ ነው፤ የራሳችሁን ስትጽፉ ዕቃውንም ሌባውንም ቀይሩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 2 ደብተሮች። አንዱ ሌባው ላደረገው፣ ሌላው ልጆቹ ላዩት። ሁለቱን በአንድ ደብተር ከጻፋችሁ ልጆቹ ያላዩትን ነገር ሲያውቁ ትገኛላችሁ።
- 40 ካርዶች፣ ከወፍራም ወረቀት 10 በ7 ሳ.ሜ የተቆረጡ።
- ቀይ፣ ሰማያዊና ጥቁር እስክሪብቶ። ቀይ ለእውነተኛ ፍንጭ፣ ሰማያዊ ለአሳሳች ፍንጭ፣ ጥቁር ለቀረው ድርጊት።
- ሜትርና የእጅ ሰዓት (ስልክም ይሆናል)።
- የተሰረቀውን ዕቃ የሚያክል ካርቶን።
- የበዓላትና የወር በዓላት ቀኖች ያሉበት የግድግዳ ካሌንደር።
- በእጃችሁ የሣላችሁት የሰፈር ካርታ።
- ታሪኩን አስቀድመው ያልሰሙ 3 ልጆች። እነዚህ የሚፈለጉት በመጨረሻው ደረጃ ስለሆነ እስከዚያ ምንም አታጫውቷቸው።

ደረጃ 1፦ የሚሰረቀውን ዕቃ ምረጡና ለኩት

«አንድ ጥንታዊ ሥዕል ጠፋ» ብሎ መጀመር አይበቃም። ጎንደር ላይ ለልጆች ታሪክ የሚመቹ ሦስት ዓይነት ዕቃዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የሚተዉት ዱካም የተለያየ ነው።

የእንጨት ሰሌዳ ሥዕል፦ እንጨቱ በነጭ ጀሶ ይለሰናል፣ ቀለሙ ከላዩ ይመጣል። ሲወድቅ ጠርዙ ላይ ጀሶው ይረግፋልና ነጭ ብናኝ ወይም ፍርፋሪ ወለል ላይ ይቀራል። ለመጀመሪያ መጽሐፋችሁ ይህን ምረጡ፤ ትንሽ ነው፣ ይሸከሙታል፣ ይደብቁታል።

በጨርቅ ላይ የተሣለ የግድግዳ ሥዕል፦ በጎንደር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጨምሮ፣ ሥዕሉ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። ሌባ ሊልጠው ወይም ሊቆርጠው ይገባዋል፤ ማጣበቂያና የጨርቅ ክር ግድግዳው ላይ ይቀራል። ጊዜ ስለሚወስድ ግን በቀን ተሰረቀ ቢባል አያሳምንም።

የብራና መጽሐፍ፦ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ የተሠራ፣ በእንጨት ገበታ የተደጎሰ። ቅጠሉ ጠርዝ ላይ መስመር ለማስመር የተወጉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። አንባቢ ልጆች በገጹ ብዛትና በተቀደደ ቅጠል እንቆቅልሽ መጫወት ስለሚወዱ ለሁለተኛ መጽሐፍ ይሆናል።

ከመረጣችሁ በኋላ መጠኑን ወስኑ። የእኛ ምሳሌ 20 በ25 ሳ.ሜ የሆነ፣ 2 ሳ.ሜ የሚወፍር፣ የመጨረሻውን እራት የሚያሳይ የሰሌዳ ሥዕል ነው። ካርቶኑን በዚሁ ልክ ቁረጡና በቤታችሁ ያለውን ዕቃ መያዣ ሁሉ ሞክሩበት። የዚህ ሰሌዳ ሰያፍ (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለው ርዝመት) 32 ሳ.ሜ ስለሆነ ውስጡ 35 ሳ.ሜ ስፋት ያለው አገልግል ውስጥ ተጋድሞ ይገባል። 30 በ40 ብታደርጉት ሰያፉ 50 ሳ.ሜ ይሆናል፤ አገልግል አይቀበለውም፣ ጋቢ ሥር ግን በብብት ተይዞ ይወጣል። 60 በ80 ከሆነ መኪና ሊያስፈልግ ነው፣ መኪና ደግሞ ዘበኛ ያየዋል። የታሪኩን ግማሽ የሚወስነው ይህ ልኬት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ታቦት የሚሰረቅ ዕቃ አታድርጉ። ከካህናት በቀር ማንም የማያየውን ነገር ልጆቹ ሊያዩት፣ ሊነኩት፣ ሊመረምሩትም አይችሉም፤ ምርመራው በሩ ላይ ይቆማል። አንባቢውንም ያስቀይማል። መቅደስ ውስጥ የሚካሄድ ፍተሻም አትጻፉ። ሥዕሉ ምእመናን በሚያዩት በቅኔ ማኅሌት በኩል የተሰቀለ ይሁን።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ስርቆቱን በእውነተኛ ስም በሚጠራ ደብር ላይ አታድርጉት። ልጆች የተጻፈውን ያምናሉ፣ የደብሩ አገልጋዮችም ያልሠሩትን ይወርሳሉ። ጎንደር የ44ቱ ታቦት አገር ስለሆነች በማንም ቅዱስ ስም ብትሰይሙት አንዱ ደብር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በቦታው መልክ ጥሩት፦ «የኮረብታው ደብር»፣ «የወይራው ደብር»። ፒያሳ፣ ጃን ተከል ዋርካ፣ ቅዳሜ ገበያ ግን በስማቸው ይግቡ።

ደረጃ 2፦ ሌባው ያደረገውን በሰዓት በሰዓቱ ጻፉ

ይህ ደብተር ለአንባቢ አይቀርብም። ሆኖም ያለ እሱ የሚጻፍ ታሪክ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ይቆላለፋል። አንድ ገጽ ይበቃል። የምሳሌያችን ሌባ ፒያሳ አካባቢ ያለ የፎቶና የፍሬም ቤት ባለቤት ነው፤ ዕዳ ገብቶበታል፣ የማርያም ማኅበርም አባል ነው።

- ከሁለት ሳምንት በፊት፦ «ለካሌንደር» ብሎ ሥዕሉን በብልጭታ ፎቶ አነሳ። ብልጭታው ሥዕሉ ጥግ ላይ ስላንጸባረቀ የይሁዳ ፊት በፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። በፎቶው መሠረት አንድ ሥዓሊ ቅጂ ሠራለት። ሥዓሊው የይሁዳን ፊት ከራሱ ፈጠረ።
- በ21 ቀን፣ 5፡30፦ ቅጂውን አገልግል ውስጥ ከዳቦው ሥር አድርጎ ገባ። «ባለቤቴን አሟታል» ብሎ አገልግሉን ራሱ ይዟል።
- 7፡00፦ ማኅበርተኛው ደጀ ሰላም ገባ። እሱ «ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ተሰናበተ።
- 7፡10፦ ፒያሳ መብራት ጠፋ። እሱ አላወቀም።
- 7፡20፦ ጫማውን ደጅ ላይ አውልቆ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባ፣ ሥዕሉን ለወጠ።
- 7፡40፦ አገልግሉን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ።
- 9፡00፦ መብራት መጣ።

ሲጠየቅ «ከ7 ሰዓት ጀምሮ ሱቄ ውስጥ ለተማሪዎች ፎቶ አትም ነበር» ይላል። በዚህች አንድ ገጽ ውስጥ ቢያንስ አምስት ፍንጮች ተኝተዋል፤ አንዱንም ፈልገን አላመጣነውም፣ ከድርጊቱ የተወለዱ ናቸው። እናንተም ሰዓቱን ስትጽፉ ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ «ይህን ማን አየ? ምን ወደቀ? ምን ተረሳ?» ብላችሁ መልሱን አስፍሩ።

ቅጂ አስቀምጦ ዋናውን መውሰድ ፈጠራ ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1932 ዳካር–ጅቡቲ የተባለው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን ወስዶ በቦታቸው ጋስተን ሉዊ ሩ የሣላቸውን ቅጂዎች ተክቷል፤ ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ ይገኛሉ። ለልጆች ታሪክ የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ስርቆቱ ወዲያው አለመታወቁ ነው። ፖሊስ ቀድሞ ስለማይመጣ ልጆቹ የሚመረምሩት ነገር ይኖራቸዋል።

ደረጃ 3፦ ከዕቃው ፍንጭ አውጡ

ብዙ ጊዜ የምትሰጡት እዚህ ላይ ይሁን። ለእያንዳንዱ ፍንጭ አንድ ቀይ ካርድ፤ ከፊት ለፊት ልጅ የሚያየው፣ ከጀርባ ምክንያቱ። ምክንያቱን መጻፍ ካቃታችሁ ፍንጩን ጣሉት።

*ዓይን።* በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ልማድ ደጋጎች ፊታቸው ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉዎች ከጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ቅጂው ላይ ይሁዳ ሁለት ዓይን አለው። ምክንያት፦ ብልጭታው ፊቱን ሸፍኖት ሥዓሊው ስለፈጠረው። ከሁሉ የሚበልጠው ፍንጭ ይህ ነው፤ የ9 ዓመት ልጅ ራሱ ቆጥሮ ያገኘዋል፣ አዋቂ ደግሞ በየቀኑ ሲያየው የኖረውን ሥዕል አያስተውለውም።

*የግድግዳው ጥላ።* የጧፍና የዕጣን ጢስ ግድግዳውን ያጠቁራል፤ ሥዕል ተሰቅሎበት የኖረው ቦታ ግን ነጣ ብሎ ይቆያል። ቅጂው በአንድ ጎኑ 1 ሳ.ሜ ካነሰ በዚያ በኩል ቀጭን የነጣ መስመር ይታያል። ምክንያት፦ ፎቶው ሲታተም ጠርዙ ተቆርጧል፣ ሥዓሊው የተከተለው ፎቶውን ነው።

*ጀርባ።* የቆየ ሰሌዳ በጥርብ የተሠራ ስለሆነ ጀርባው ወጣ ገባ ነው፤ በማሽን የተላገ ጣውላ እኩል ነው። ነቀዝ የበላው እንጨት ቀዳዳው ጠማማና የተለያየ መጠን ያለው ነው፤ በመሰርሰሪያ የተበሳ ቀዳዳ ቀጥ ያለና ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል። ማንጠልጠያው ላይ የፋብሪካ ክብ ምስማር ካለ እሱም ይናገራል።

*ሽታ።* የዘይት ቀለም ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ለሳምንታት ይሸታል። አክሪሊክ (በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም) ግን ቶሎ ይደርቃል፣ ሽታውም ደካማ ነው። አንዱን ምረጡ። ሥዓሊው በአክሪሊክ ሠራ ካላችሁ በኋላ ልጆቹ «ቀለም ቀለም ሸተተን» ካሉ አስተዋይ አንባቢ ይይዛችኋል።

*አገልግል።* ዝክሩ ተበልቶ ሁሉም ባዶ አገልግሉን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ ሲወጣ፣ አንድ ሰው በሁለት እጁ፣ ሳያዘነብል ይዞታል። ሰሌዳው ቢጋጭ ጀሶው ይረግፋልና።

*ጫማ።* ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሁሉ ጫማውን ደጅ ያወልቃል። ሌባም ቢሆን እንደ ሰዉ ካላደረገ ይታወቅበታል። ስለዚህ በ7፡30 ደጅ ላይ ያለ ጫማ «ሱቄ ነበርኩ» የሚለውን ቃል ያፈርሳል።

*መብራት።* ፎቶ ማተሚያ ያለ መብራት አይሠራም። ከሱቁ ጀርባ የምትኖር እናት በኤሌክትሪክ ምጣድ ስትጋግር መብራት ሲሄድባት ምጣዱ ላይ የነበረው እንጀራ ሳይበስል ቀረ። ልጅ ያንን ያልበሰለ እንጀራ አይረሳም። ግን ልብ በሉ፦ ሱቁ ጄኔሬተር እንደሌለው ከዚያ በፊት በሆነ ምዕራፍ ማሳየት አለባችሁ፤ አለዚያ ፍንጩ ክፍት ቀዳዳ አለው።

ብራና ለመረጠ ሰው ደግሞ ቁጥር አለ። የቆየ መጽሐፍ ዘመኑን በግእዝ ቁጥር ይጽፋል፤ ለምሳሌ ፲፯፻፶፪። አስመሳዩ «1752» ብሎ ከጻፈ የግእዝ ቁጥር የተማረ ማንኛውም ልጅ ይይዘዋል። አንባቢውም ቁጥሩን አብሮ እንዲፈታ ከመጽሐፉ መጨረሻ ሰንጠረዡን አስገቡለት።

ለ12 ምዕራፍ 7 ቀይ ካርድ ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ልጅ ይረሳዋል፤ ከ5 ካነሰ ደግሞ አንዱን ያገኘ ሁሉንም አገኘ ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ልጆቹን በሚያውቁት ነገር ምረጡ

«ጎበዝ»፣ «ደፋር»፣ «ቀልደኛ» ብላችሁ አትመድቧቸው። እያንዳንዱ ልጅ ሌላው የማያውቀውን አንድ ነገር ይወቅ፣ ያ ዕውቀትም አንድ ቀይ ካርድ ይክፈት። ሦስት ልጆች ይበቃሉ፤ አራተኛው የሚናገረው አያገኝም።

የቆሎ ተማሪው ሥዕሉን በየቀኑ ያያል፣ ግእዝ ያነባል፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ስለሚዞርም ማን ቤቱ እንዳለ ማን እንደሌለ ያውቃል። ዓይኑን የሚያስተውለው እሱ ነው። ሊስትሮው ሰውን በጫማው ያውቃል፤ የፍሬም ቤቱን ባለቤት ጫማ ሶል ባለፈው ሳምንት ራሱ አጣብቆታል። ልጅቷ ከሱቁ ጀርባ ትኖራለች፣ ያልበሰለው እንጀራ የእናቷ ነው፤ በሒሳብም ትበልጣቸዋለች፣ 1 ሳ.ሜውን የምትለካው እሷ ናት።

የኑሮ ልዩነታቸውን አትደብቁት፣ አታዝኑበትም። ሊስትሮው ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ነው፣ ልጅቷ ትምህርት ቤቷ በፈረቃ ስለሆነ ጠዋት አትገኝም፣ የቆሎ ተማሪው የኔታን ሳያስፈቅድ አይሄድም። ሦስቱ የሚገናኙበት ጊዜ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ከሆነ ታሪኩ በራሱ ይጣደፋል።

ደረጃ 5፦ አራት ተጠርጣሪዎች

ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ፣ ሦስት ጥያቄ፦ ለምን ይሰርቃል? መቼ ይችላል? እንዴት ያውቃል? ሦስቱም የሚሟሉት ለሌባው ብቻ ነው፤ ለሌሎቹ ሁለት ሁለቱ ይሟሉ።

ዘበኛው እጁ ላይ ቀይ ቀለም አለ (የግቢውን በር ሲቀባ ነበር)። አስጎብኚው የሥዕሉን ፎቶ በስልኩ ይዟል (ለእንግዶች ያሳየዋል፣ ከብልጭታ በፊት የተነሳ ስለሆነም በኋላ ዋናው ማስረጃ ይሆናል)። አንድ እንግዳ ሰው ቅኔ ማኅሌቱን በሜትር ሲለካ ታየ (ምንጣፍ ሊሰጥ የተሳለ ሰው ነው)። ቅንፍ ውስጥ ያለውን ልብ በሉ፦ እያንዳንዱ አሳሳች ፍንጭ የራሱ እውነተኛ ምክንያት አለው፣ ከመጽሐፉ ማለቂያ በፊትም ይገለጣል። ምክንያቱ ሳይገለጥ የቀረ አሳሳች ፍንጭ ልጁን ማታለል ነው፤ ልጅ ደግሞ ይህን ይቀየማል።

ዘበኛውን ሌባ አታድርጉ። ድሃው ሰው ሌባ ሆኖ መገኘቱ አንባቢው ቀድሞ የሚገምተውም፣ የማይገባም ነው። ነጭ ቱሪስቱም አይሁን፤ ኮፍያና ካሜራ ይዞ ከገባበት ገጽ ጀምሮ ይታወቃል። ሌባው ልጆቹ የሚወዱት፣ አንድ ጊዜ የረዳቸው ሰው ሲሆን ነው ምርመራው የሚከብዳቸው።

ደረጃ 6፦ ካርታውን በእግራችሁ ሂዱበት

ሰዓታችሁን ይዛችሁ ታሪኩ የሚካሄድበትን መንገድ ሁሉ ተራመዱ። የ12 ዓመት ልጅ ሜዳ ላይ በሰዓት 4 ኪ.ሜ ገደማ ይሄዳል፤ የጎንደር ዳገት ላይ ወደ 3 ይወርዳል። ከፋሲል ግቢ እስከ ፋሲል መዋኛ ወደ 2 ኪ.ሜ ስለሚሆን ልጆቹ ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋቸዋል። «በአምስት ደቂቃ ደረሱ» ብትሉ የጎንደር ልጅ ይስቅባችኋል።

ቀኑንም ከካሌንደሩ ጋር አስተያዩ። ክረምት ከመረጣችሁ ልጆቹ ትምህርት የለባቸውም፣ ጭቃው ዱካ ይይዛል፣ ግን የከሰዓቱ ዝናብ ዱካውን ያጥበዋል፤ ይህ ጥሩ የጊዜ ገደብ ነው። ጥር ከመረጣችሁ አቧራ እንጂ ጭቃ የለም። በጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ሰፈሩ ባዶ ስለሚሆን ለስርቆት የተመቸ ይመስላል፤ ነገር ግን መንገዱ በሰው ስለሚሞላ ሌባው በባጃጅ አመለጠ ማለት አይቻልም።

ፋሲል ግቢ ውስጥ ትዕይንት ካላችሁ 900 ሜትር ርዝመት ያለው ግንብና ብዙ በሮች እንዳሉት አስታውሱ። ልጆቹ ቆመው የሚጠብቁት የትኛውን እንደሆነ ወስኑ። የእውነተኛ ቦታ የጥበቃ ሰዓት፣ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ፣ የትኛው በር እንደማይዘጋ ግን አትጻፉ። መጽሐፉን ልጅ ብቻ አያነበውም።

ደረጃ 7፦ ካርዶቹን ደልድሉ

12 ምዕራፎቹን ወለል ላይ ዘርጉና ካርዱን አስቀምጡ። የእኛ ድልድል ይህን ይመስላል፦

- ምዕራፍ 1፦ የቆሎ ተማሪው ለትንንሽ ልጆች «ይሁዳ ስንት ዓይን አለው?» እያለ ያስቆጥራል። መልሱ «አንድ!» ነው። አንባቢው ጨዋታ ይመስለዋል።
- ምዕራፍ 2፦ ማኅበሩ። አገልግሉ፣ የእናትየዋ እንጀራ፣ የፍሬም ቤቱ ሰው ደግነት።
- ምዕራፍ 3፦ ልጆቹ ሁለተኛውን ዓይን አዩ። ማንም አላመናቸውም።
- ምዕራፍ 4–6፦ የነጣው መስመር፣ ዘበኛው፣ አስጎብኚው።
- ምዕራፍ 7፦ ያመኑበት ግምት ይፈርሳል። ዘበኛው ንጹሕ ነው፤ ልጆቹ ይቅርታ ይጠይቁታል።
- ምዕራፍ 8–9፦ ጀርባው፣ ጫማው።
- ምዕራፍ 10፦ «ሱቄ ነበርኩ» የሚለው ቃልና መብራቱ።
- ምዕራፍ 11–12፦ መያዙ፣ መመለሱ።

ሌባው ምዕራፍ 3 ከማለቁ በፊት በስሙ መጠራት አለበት። «ከየት መጣ?» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ይህ ሳይሆን ሲቀር ነው።

ደረጃ 8፦ ፍንጩን ደብቁ፣ ግን አትቅበሩ

ሦስት ዘዴዎች ይሠራሉ። አንደኛው በዝርዝር መሐል ማስቀመጥ ነው፦ «አንዷ እንስራ፣ አንዱ አገልግሉን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ሌላዋ ልጇን አዝላ ወጡ።» የሰው ዓይን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ይይዛል፣ መሐከለኛውን ያልፋል። ሁለተኛው ከፍንጩ ቀጥሎ ወዲያው የሚያስቅ ወይም የሚያስደነግጥ ነገር ማምጣት ነው፤ ያልበሰለው እንጀራ ታይቶ ወዲያው ድመት ሊጡን ብትደፋ ልጁ ድመቷን ያስታውሳል። ሦስተኛው ፍንጩን በሌላ ስሜት ማቅረብ ነው፤ የሰውየው «ባለቤቴን አሟታል» ርኅራኄ ያስነሳል እንጂ ጥርጣሬ አያስነሳም።

እያንዳንዱ ቀይ ካርድ ከመፍትሔው በፊት ሁለት ጊዜ ይታይ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የተቀበረ ነው፤ ሦስት ጊዜ ከሆነ ታወቀ።

ደረጃ 9፦ ጻፉት

በምዕራፍ ከ1,000 እስከ 1,100 ቃላት። ከ12 ቃል የሚረዝም ዓረፍተ ነገር ሲበዛ የ9 ዓመት አንባቢ ግሡ ጋ ሳይደርስ ይደክማል፤ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ይህ በጣም ያስፈልጋል። ምዕራፉን በጥያቄ ዝጉ፣ ግን ሁሉንም አይደለም።

በንግግር ላይ አክብሮቱን ጠብቁ። ልጆቹ መምህሩን «የኔታ»፣ ካህኑን «አባ»፣ ዘበኛውን «ጋሼ»፣ ጎረቤቷን «እትዬ» ይላሉ፣ በ«እርስዎ»ም ያናግራሉ። ይህ ለምርመራም ይጠቅማል፦ ሥዓሊውን «አላውቀውም» ያለ ሰው በስልክ «አንተ፣ ቶሎ በል» ሲለው ከተሰማ ያውቀዋል ማለት ነው። አዋቂን የሚመረምር ልጅ ደግሞ እንደ ፖሊስ አፋጥጦ አይጠይቅም፤ እየተላከ፣ ጫማ እየጠረገ፣ ቡና እያቀረበ ይሰማል።

ደረጃ 10፦ ሌባውን ልጆቹ አይያዙት

ልጆቹ ያረጋግጣሉ፣ አዋቂ ይይዛል። ማስረጃውን ቅደም ተከተል አስይዘው ለየኔታ ይነግራሉ፤ በየኔታ በኩል ለደብሩ አስተዳዳሪ፣ ከዚያ ለፖሊስና ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይደርሳል። ልጅ ብቻውን ሱቅ ሰብሮ ሲገባ የሚያሳይ ምዕራፍ ከጻፋችሁ አንባቢያችሁ ሊሞክረው ይችላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ስለሚከለክል፣ ሌባው ሥዕሉን ለማሻገር ደላላ እየጠበቀ መሆኑ በሕግም በታሪክም ያስኬዳል። አስጎብኚው የያዘው የቆየ ፎቶ የሚጠቅመውም እዚህ ነው፤ በደንብ የሚታወቅ ዕቃ ለሻጭ ያስቸግራል። በ1989 ዓ.ም ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ቤልጅየም ድረስ ተወስዶ እንኳ ተመልሷል።

ሥዕሉ ሲገኝ ልጆቹ የሚያደርጉትን በጥንቃቄ ጻፉ፣ ይቀዳልና። በደረቅና በንጹሕ እጅ ጠርዙን ይያዙ፤ በንጹሕ ነጠላ ይጠቅልሉ እንጂ በላስቲክ አይሁን፣ እርጥበት ያፍናልና። ጥላሸቱን በውሃ፣ በሎሚ ወይም በሽንኩርት አይጥረጉ፤ ቀለሙ ከጀሶው ጋር ይነሳል።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሌባው ገጽ ሙሉ ንግግር አድርጎ ሁሉን ይናዘዛል። ይህ የሚሆነው ፍንጮቹ ሳያረጋግጡ ሲቀሩ ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ልጆቹ ሰምተው ብቻ ያውቃሉ። በር ጀርባ ቆመው የሰሙት ፍንጭ በመጽሐፉ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ሌላው መታየት፣ መለካት፣ መሽተት አለበት።

የሰዓት መደባለቅም አለ። ስልክ ላይ የፎቶው ሰዓት «1፡30» ብሎ ቢያሳይ በእኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ፍንጭ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ሳታስቡት ከገባ ግን የሌባውን ደብተር በሙሉ ያፈርሰዋል።

ስለ ነገሥታቱ ታሪክ ሦስት ገጽ ማስተማርም የተለመደ ነው። ምርመራው ይቆማል፣ ልጁም መጽሐፉን ያስቀምጣል። ለፍንጩ የሚያስፈልገውን ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተዉ።

ደረጃ 11፦ በሦስቱ ልጆች ፈትሹት

ለሦስቱ ለየብቻ እስከ ምዕራፍ 9 አንብቡላቸው፤ አብረው ከሰሙ አንዱ የገመተውን ሌሎቹ ይደግሙታል። ከዚያ «ሌባው ማን ነው? በምን አወቅህ?» ብላችሁ ቃላቸውን እንዳለ ጻፉ። ሦስቱም በትክክለኛ ምክንያት ካወቁ ከቀይ ካርዶቹ አንዱን ወደ ኋላ አዛውሩ። ማንም ካላወቀ አንዱን ደግማችሁ አሳዩ። አንዱ አውቆ ሁለቱ ከተጠራጠሩ ልኩ ነው። ያወቀው ልጅ «ደስ ስላላለኝ» ካለ ደግሞ ፍንጩ ሳይሆን የሌባው አገላለጽ አሳብቋል፤ ቅጽሎቹን አውጡ።

ማስተካከያውን ስትጨርሱ ገጹን ቁጠሩ። ማተሚያ ቤቶች በአብዛኛው የሚያጥፉት በ16 ገጽ ስለሆነ መጽሐፉ 64፣ 80 ወይም 96 ላይ ቢያልቅ ይመረጣል። 83 ገጽ ከሆነባችሁ ከምዕራፍ 4 እስከ 6 ካለው ቀንሱ፤ በአብዛኛው ትርፍ የሚገኘው ተጠርጣሪዎቹ ዙሪያ ነው። 76 ከሆነ በቀሩት 4 ገጾች የሰፈሩን ካርታ፣ የግእዝ ቁጥር ሰንጠረዡንና አንባቢው የራሱን ግምት የሚጽፍበትን ገጽ አስገቡ። የግምቱን ገጽ ከምዕራፍ 9 ቀጥሎ አድርጉት።